«ፍሪክሽን እንቅስቃሴን ይቃወማል» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳ ላይ አጥፉልኝ

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ የዛሬው ረጅም ነው። ሻይ ያዙና ተቀመጡ። «ቲቸር ዛሬም አልተወንም እንዴ?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አልተውኩም፣ አልተውምም።

ነገሬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ፣ በየዓመቱ፣ በየሰሌዳው ትጻፋለች፦ «ፍሪክሽን ሁልጊዜ እንቅስቃሴን ይቃወማል»። ተማሪው በእንግሊዝኛ ይሸመድዳታል፣ ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርባታል፣ ፈተና ሲመጣ እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግማታል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዓረፍተ ነገሯ ስህተት ናት። «ትንሽ ማብራሪያ ይጎድላታል» አይደለም የምላችሁ። ስህተት ናት!

ማስረጃ ፍለጋ ላብራቶሪ መሄድ አያስፈልግም። ተነሱና ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ስትራመዱ እግራችሁ መሬቱን የሚገፋው ወደ ኋላ ነው። እግራችሁ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዘው፣ እናንተን ወደ ፊት የሚገፋችሁ ማን ነው? ፍሪክሽን! በክረምት ጭቃ ላይ ልትራመዱ ስትሞክሩ እግራችሁ ወደ ኋላ እያመለጠ እዚያው የምትቀሩት ፍሪክሽኑ ስላነሰ ነው። ፍሪክሽን እንቅስቃሴን የሚቃወም ቢሆን ኖሮ ጭቃ ላይ ከአስፋልት ይልቅ በፈጠንን ነበር።

ሌላ። አይሱዙ ላይ 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን የጤፍ ጆንያ ተጭኗል፣ አልታሰረም። ሹፌሩ ተነሳ፣ መኪናው በሰከንድ 2 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት እየጨመረ ሄደ። ጆንያው አብሮ ሄደ። ጆንያውን ማን ወሰደው? ሞተሩ ጆንያውን አልነካውም። የነካው የጭነቱ ወለል ብቻ ነው። ወለሉ ደግሞ ወደ ፊት ሊገፋው የሚችለው በፍሪክሽን ብቻ ነው፤ ያውም በ200 ኒውተን፣ ወደ ፊት፣ መኪናው በሚሄድበት አቅጣጫ። ባጃጁም እንደዚያው ነው። ሞተሩ የሚያሽከረክረው የኋላ ጎማዎቹን ነው፤ ጎማዎቹ አስፋልቱን ወደ ኋላ ይገፋሉ፣ አስፋልቱ በፍሪክሽን ባጃጁን ወደ ፊት ይገፋዋል። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በፍሪክሽን ነው። እኛ ክፍል ውስጥ የእንቅስቃሴ ጠላት ነው ብለን እናስተምራለን።

ትክክለኛው ነገር ይኸውላችሁ፣ ከስህተቱም ብዙ አይረዝምም፦ ፍሪክሽን የሚቃወመው በሚነካኩ ሁለት ገጽታዎች መካከል ያለውን መንሸራተት፣ ወይም ሊመጣ ያለውን መንሸራተት ነው። በቃ። ጆንያው ወለሉ ላይ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ነው፤ ስለዚህ ፍሪክሽኑ ወደ ፊት ነው። እግርህ ወደ ኋላ ሊንሸራተት ነው፤ ስለዚህ ፍሪክሽኑ ወደ ፊት ነው። «እንቅስቃሴ» የሚለውን ቃል «መንሸራተት» በሚለው መተካት አንድ ጠመኔ አይፈጅም።

«ታዲያ ለአንዲት ቃል ይህን ያህል ጩኸት ምንድን ነው?» ትሉኛላችሁ። ጩኸቱ ቃሏ ብቻዋን ስላልመጣች ነው። ወንድም እህቶቿን ይዛ ነው የመጣችው። አንድ በአንድ ላስተዋውቃችሁ።

የመጀመሪያዋ «ፍሪክሽን ማለት ሚዩ ሲባዛ በኖርማል ፎርስ ነው» የምትለዋ ናት። ቴሌግራም ላይ «የፊዚክስ ትሪክ በ30 ሰከንድ» እያሉ የሚቸረችሩት ሁሉ የሚሸጡት ይህችን ነው። እስቲ ይህን ጥያቄ ለልጆቻችሁ ስጡ፦ 10 ኪሎ ግራም የሆነ ሳጥን ወለል ላይ ተቀምጧል። የስታቲክ ፍሪክሽን ሚዩ 0.5 ነው። አንድ ልጅ በ20 ኒውተን አግድም ገፋው። ፍሪክሽኑ ስንት ነው? ግራቪቲን 10 አድርጉት።

ትሪክ የገዛው ልጅ 30 ሰከንድ አይፈጅበትም፦ 0.5 ሲባዛ በ100፣ 50 ኒውተን። እሺ፣ እንመነው። ወደ ፊት 20፣ ወደ ኋላ 50። የተጣራው ፎርስ 30 ኒውተን፣ ወደ ኋላ! ሳጥኑ በሰከንድ 3 ሜትር በሰከንድ እየፈጠነ ወደ ገፋው ልጅ ይመጣል ማለት ነው። ሳጥን ሲገፉት ተመልሶ ገፊውን የሚያባርርበት አገር የት ነው ያለው? ልጁ ግን መልሱን ጽፎ፣ አስምሮበት፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፏል። መልሱ ከዓለም ጋር ይገጥም እንደሆነ መጠየቅ ማንም አላስተማረውም። እኔን የሚያንገበግበኝ 50ው አይደለም። ልጁ አለመደንገጡ ነው።

መልሱ 20 ኒውተን ነው። ስታቲክ ፍሪክሽን እንደ ግብር የተተመነ ቋሚ ዕዳ አይደለም። የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚመልሰው። በ5 ብትገፋው 5 ይመልስልሃል፣ በ35 ብትገፋው 35። 50 ላይ ሲደርስ አቅሙ ያልቃል፣ ከዚያ በላይ ከገፋኸው ይለቅቃል። ከለቀቀ በኋላ ደግሞ ኪኔቲክ ፍሪክሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል። ቁምሳጥን ገፍቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ መነሻው ላይ ወገብ ይቆርጣል፣ ከተነሳ በኋላ ይቀላል። እናቶቻችን ያውቁታል። ልጁም ቤቱ ያውቀዋል። ክፍል ሲገባ ነው የሚጠፋበት።

ሁለተኛዋ «ኖርማል ፎርስ ማለት ክብደት ነው» የምትለዋ ናት። ይህችም ግማሽ እውነት ሆና ሙሉ ጉዳት ታደርሳለች። ያንኑ 10 ኪሎ ግራም ሳጥን በ40 ኒውተን፣ ከአግድሙ 30 ዲግሪ ወደ ላይ በገመድ ጎትቱት። ገመዱ በ20 ኒውተን ወደ ላይ ያነሳዋል፤ ስለዚህ ወለሉ የሚሸከመው 100 ሳይሆን 80 ነው። ለማቅለል ሚዩን ለሁለቱም ዓይነት 0.3 ብንል የፍሪክሽኑ ጣሪያ 24 ኒውተን ነው። የጉተታው አግድም ድርሻ ወደ 34.6 ነው። ሳጥኑ ይሄዳል። አሁን ደግሞ በዚያው 40 ኒውተን፣ በዚያው 30 ዲግሪ፣ ግን ከኋላ ሆናችሁ ወደ ታች አዘንብላችሁ ግፉት። ወለሉ አሁን 120 ነው የሚሸከመው፤ የፍሪክሽኑ ጣሪያ 36 ሆነ። 34.6 ከ36 ያንሳል። ሳጥኑ ፍንክች አይልም!

ያው እጅ፣ ያው ጉልበት፣ ያው ሳጥን። ሲጎተት ይሄዳል፣ ሲገፋ እምቢ ይላል። መርካቶ ዕቃ የሚጎትት ልጅ ይህን በትከሻው ያውቀዋል። «ኖርማል እኩል ነው ክብደት» ብሎ የሸመደደው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን ለሁለቱም አንድ መልስ ይሰጣል። ከሁለቱ ፊዚክስ የተማረው ማን ነው?

ሦስተኛዋ የጠረጴዛውና የመጽሐፉ ነገር ናት። «መጽሐፉ በክብደቱ ወደ ታች፣ ጠረጴዛው በኖርማል ወደ ላይ፤ አክሽንና ሪአክሽን፣ የኒውተን ሦስተኛ ሕግ» ይባላል። አይደለም! እነዚህ ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ አካል ላይ፣ በመጽሐፉ ላይ ነው። የአክሽንና ሪአክሽን ጥንድ ግን ሁልጊዜ በሁለት የተለያዩ አካላት ላይ ነው የሚሠራው። ምድር መጽሐፉን ወደ ታች ከሳበች ጥንዱ መጽሐፉ ምድርን ወደ ላይ መሳቡ ነው። ጠረጴዛው መጽሐፉን ወደ ላይ ከገፋ ጥንዱ መጽሐፉ ጠረጴዛውን ወደ ታች መግፋቱ ነው። ያልመሰለው ሰው መጽሐፉን በእጁ ወደ ታች ይጫነው። ኖርማሉ ጨመረ፣ ክብደቱ ግን ያው ነው። ጥንድ ቢሆኑ ኖሮ አንዱ ብቻውን ሊጨምር አይችልም ነበር። ኒውተን መጽሐፉን ያሳተመው በ1687 ነው፤ እስካሁን ሦስተኛውን ሕግ ከመጀመሪያው ጋር እያምታታን ነን።

አራተኛዋ «ኢኩሊብሪየም ማለት መቆም ነው» የምትለዋ ናት። በአዲስ አዳማ የፍጥነት መንገድ ላይ፣ ቀጥ ባለ ቦታ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚሄድ መኪና ኢኩሊብሪየም ላይ ነው። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ደርሶ ለቅጽበት ፍጥነቱ ዜሮ ሲሆን ግን ኢኩሊብሪየም ላይ አይደለም፤ ክብደቱ ብቻውን ያለ ተቀናቃኝ እየሳበው ነው። ኢኩሊብሪየም የፎርሶች ሚዛን ነው፣ የፍጥነት ዜሮ መሆን አይደለም። ይህን ያልለየ ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ሜካኒክስ ሁሉ አሸዋ ላይ ነው የሚገነባው።

አሁን «ይህ የመምህራን ጭቅጭቅ ነው፣ ለሕዝቡ ምን ያደርግለታል?» ወደምትሉት ልምጣ።

ከመኪና እንጀምር። ፍሬን ሲያዝ መኪናውን የሚያቆመው በጎማውና በአስፋልቱ መካከል ያለው ፍሪክሽን ነው። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 20 ሜትር ነው። በደረቅ አስፋልት ሚዩን 0.7 ብንወስድ ለመቆም ወደ 29 ሜትር ያስፈልጋል። ዝናብ ጥሎ 0.4 ቢሆን 50 ሜትር። ይህ እግር ፍሬኑ ላይ ካረፈ በኋላ ያለው ብቻ ነው፤ ሹፌሩ አይቶ እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት ሌላ 20 ሜትር ጨምሩ። በዚያው እርጥብ መንገድ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሶ በ36 ቢሄድ ኖሮ ከ50 ሜትሩ ይልቅ 12.5 ሜትር ይበቃው ነበር። ፍጥነቱ ግማሽ፣ ርቀቱ አንድ አራተኛ። ይህ ስሌት የ9ኛ ክፍል ስሌት ነው። ከ50 ሜትርና ከ12 ሜትር መካከል ደግሞ መንገድ የሚሻገር ሰው አለ።

የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ የወረዳችሁ ታውቁታላችሁ። ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። 20 ቶን የሆነ የጭነት መኪና 1000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኢነርጂ 200 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ ወደ 600 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስኪፈላ ማሞቅ ይችላል። ሹፌሩ ይህን ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ልጨርሰው ካለ ሸራው ይግላል፣ መያዝ ያቅተዋል። ለዚህ ነው አሮጌ ሹፌሮች «በማርሽ ውረድ» የሚሉት፤ ሸክሙን ሞተሩ እንዲካፈል ነው። ረዳቱም መኪናው ዳገት ላይ ሲቆም ታኮ ይዞ የሚሮጠው ሚዛኑ በፍሪክሽን ብቻ እንዲያዝ ስላላመነ ነው። ረዳቱ ኢኩሊብሪየምን ያውቃል። ስሟን አልነገሩትም እንጂ።

ፍሪክሽንን «ጥቅምና ጉዳት» ብለን በሁለት ዓምድ የምናስቀምጠውም ነገር ያስቀኛል። የለበሳችሁት ጋቢ ክሩ ከክሩ ጋር ተያይዞ የቆየው በፍሪክሽን ነው። ሚስማር እንጨት ውስጥ የሚቆየው፣ ቋጠሮ የማይፈታው፣ ክብሪት የሚጫረው በፍሪክሽን ነው። መሰንቆ የሚዘፍነው ደግሞ ስታቲክና ኪኔቲክ ፍሪክሽን ስለሚለያዩ ነው፤ ደጋኑ ጭራውን ይይዘዋል፣ ይስበዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፣ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ። ሁለቱ እኩል ቢሆኑ ኖሮ አዝማሪው ዝም ባለ ነበር። ይህን ነግራችሁት የሚተኛ ተማሪ ካለ ንገሩኝ።

አሁን መልስ መስጠት ያለብኝ ሁለት ተቃውሞ አለ። ሁለቱም በቅን ሰዎች አፍ የሚነገሩ ስለሆኑ ማለፍ አይገባም።

አንዱ፦ «ክፍል ውስጥ 70 ተማሪ አለ፣ ላብራቶሪ የለም፣ ደመወዙን ታውቀዋለህ»። አውቀዋለሁ። የመምህሩ ኑሮ ሌላ ረጅም ጽሑፍ ነው፣ እሱንም እጽፈዋለሁ። ግን የኤሌክትሮማግኔቲዝምን ምዕራፍ ያለ ዕቃ ማስተማር ከባድ ነው ብትሉኝ እሺ እላለሁ፤ ፍሪክሽንን ግን አልልም። ፍሪክሽን የድሃ ትምህርት ቤት ምዕራፍ ነው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ክፍሉ ውስጥ አለ። አንድ ጣውላ ወይም ጠንካራ የደብተር ሽፋን፣ አንድ ላጲስ፣ አንድ ማስመሪያ። ላጲሱን ጣውላው ላይ አስቀምጡ፣ ጣውላውን በአንድ ጎን ቀስ ብላችሁ አንሱ። ላጲሱ ሊንሸራተት ሲል አቁሙ። ከፍታውን ለኩ፣ አግድሙን ለኩ፣ አካፍሉ። ከፍታው 15 ሳንቲ ሜትር፣ አግድሙ 30 ከሆነ የስታቲክ ፍሪክሽን ሚዩ 0.5 ነው። አሁን ሁለት ላጲስ ደራርቡ፤ አንግሉ ብዙም አይለወጥም። ክብደቱ ከስሌቱ ውስጥ ወጥቶ መሄዱን ልጁ በዓይኑ አየ። ላጲሱን በጎኑ አቁሙት፤ አሁንም ከዚያው አካባቢ ነው። የሚነካካው ስፋት ወሳኝ እንዳልሆነ አየ። ጎማን በመሳሰሉ ለስላሳ ነገሮች ላይ ሕጉ በትክክል ላይሠራ ይችላል፤ ላጲሳችሁ ትንሽ ካፈነገጠ እሰየው፣ ለምን ብላችሁ ጠይቁ!

ፈረንሳዊው አሞንቶን ይህንን ለፓሪሱ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው በ1699 ነው። ኩሎም፣ ያው በኤሌክትሪክ ሕጉ የምታውቁት፣ በዚሁ በፍሪክሽን ጥናቱ በ1781 ከአካዳሚው ሽልማት ወስዷል። የኩሎም ዕቃም ጣውላ፣ ክብደትና ገመድ ነበር። ጣውላ እኛም አለን። የቸገረን ሌላ ነው።

ሁለተኛው፦ «ፈተናው የሚፈልገው ፎርሙላ ነው፣ ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ይግቡ መጀመሪያ»። እሺ፣ እንቁጠር። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ወዲህ ምን ሆነ? በ2014፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015፣ 3.2 በመቶ። በ2016፣ 5.4 በመቶ። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም በፍሪክሽን ላይ አላላክክም። ጦርነት ነበር፣ ኮሮና ነበር፣ መጽሐፍ ያልደረሳቸው ልጆች ነበሩ። ግን «ሽምደዳው ለፈተና ይጠቅማል» የሚለው ክርክር በእነዚህ ቁጥሮች ፊት በምን እግሩ ይቆማል? ለፈተና ብለን መረዳትን ሸጥን፤ ፈተናውንም አላገኘነውም።

በዚህ ላይ ቋንቋው አለ። ልጁ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የሚማረው። «ያንሸራትታል»፣ «ይይዛል»፣ «ያዳልጣል»፣ «ታኮ አድርግበት» የሚሉትን ቃላት ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ፣ ሲዳምኛም ይሁን ሶማልኛ። እኛ በር ላይ አስቀምጠህ ግባ እንለዋለን። ከዚያ ያልገባውን የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር እናስጨብጠዋለን፤ ዓረፍተ ነገሩም ስህተት ይሆናል። እንግሊዝኛውን ተዉ አላልኩም። መጀመሪያ በሚያስብበት ቋንቋ ጆንያው ወደ የት ሊንሸራተት እንደነበር ይንገራችሁ፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፈው።

ፊዚክስ መምህር የሆናችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እናንተን ነው የምለው፤ ብዙ አልጠይቃችሁም። ሦስት ነገር ብቻ። አንድ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር አጥፉና «መንሸራተት» ብላችሁ ጻፉ። ሁለት፣ የፎርስ ሥዕል ያልሠራ ልጅ ፎርሙላ እንዳይጽፍ ከልክሉ፤ እያንዳንዱ ቀስት ላይ «ማን ነው ማንን የሚገፋው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ገፊ የሌለው ቀስት ይሰረዝ። ሦስት፣ መልሱ ከወጣ በኋላ «ሳጥኑ ምን ሆነ?» በሉ። ሳጥኑ ገፊውን እያባረረው ከሆነ ልጁ ራሱ ይስቃል። የሳቀ ልጅ ገብቶታል።

ወላጅ የሆናችሁ ደግሞ፣ ለ«ትሪክ» ቻናል ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሳጥኑን ጥያቄ ለአስጠኚው ስጡት። 50 ካላችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ኑ፣ እንከራከር። ግን ሥዕል ይዛችሁ ኑ፣ ቀስቶቹም ይታዩ።